የሚተነፍሰው መስኮት

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል በግቢው ጥግ የተለጠፈ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ረዥም ቤት ነው። ግድግዳው በሙሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው በሙሉ የታካሚ ካርድ ነው። መደርደሪያው ሞልቶ ሲተርፍ ካርዱ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ካርቶኑ ሲቀደድ ወደ ማዳበሪያ ከረጢት ይዛወራል፤ ከረጢቱ ደግሞ በሩ ሥር ተጋድሞ የገባ የወጣው ሁሉ ይረግጠዋል። የሰው ሕመም፣ የሰው ጽንስ፣ የሰው ጭንቀት እዚያ ከረጢት ውስጥ አለ። ጉልበቱ የዛለ ታካሚ ሲመጣም ያው ከረጢት ወንበር ይሆነዋል።

እዚህ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አጎትና የእህቱ ልጅ። አጎትየውን ሰው ሁሉ «ጋሽ መላ» ይለዋል፤ መላ አያጣማ! እግሩ የተሰበረ ወንበር እሱ ዘንድ ደርሶ ሳይቆም አይቀርም። የሚያፈስ ቧንቧ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ የሚቆጣ አለቃ፣ ለሁሉም አንድ ነገር አያጣም። ልጅቱን ደግሞ «ጭምቷ» ይሏታል። እናቷ ስትሞት ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ ትምህርቷን ስትጨርስም እጇን ይዞ እዚሁ ያስገባት እሱ ነው። ጡረታው ደጅ ላይ ስለደረሰ ሥራውን ለእሷ አስረክቦ ለመውጣት ቀን ይቆጥራል።

ነገሩ የጀመረው በመስኮቱ ነው። ግቢውን የሚያየው ሰፊ መስኮት ስድስት መስታወት ነበረው፤ በአንዱ ክረምት በረዶ የጣለ ዕለት ስድስቱም ረገፉ። ጋሽ መላ ለጥገና ክፍል ደብዳቤ ጻፈ። መልስ የለም። ደገመ። «ይታያል» ተባለ። እስኪታይ ድረስ ዝናቡ እየገባ የታችኛውን መደርደሪያ ካርዶች እንደ ተነከረ ዳቦ አፈረሳቸው። በመጨረሻ የራሱን መላ መታ። ከዋናው ሕንፃ ደረጃ ሥር ከነበረ ካርቶን አሮጌ የራጅ ፊልሞች አወጣ፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ውሃ አያስገቡም፣ ልካቸውም ከመስታወቱ ብዙ አይርቅም። በእያንዳንዱ ክፈፍ ላይ አንድ አንድ ደረት ቸነከረ።

ዳይሬክተሩ ሲያልፍ አይቶ ቆመ። «ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው! ያለ በጀት!» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ መስታወት ያነሣ ሰው የለም።

ጭምቷ ሥራ የጀመረችው ፊልሞቹ ከተሰቀሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይጨንቃት ነበር። ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ስታዘነብል የፊልሙ ጥቁር ሳንባ እንደ ጠቆረ ይቀራል፤ አጥንቱ ግን ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ የብርሃን ጎድን ወለሉ ላይ ይወርድና ቀስ እያለ መደርደሪያውን ይወጣል፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ የጠፋበትን እንደሚፈልግ ሰው።

«እንግዶቻችን መጡ» ይላል ጋሽ መላ፣ ራሱን ከሥራው ሳያነሣ። «በይ ወንበር ስጫቸው።»

«ጋሼ፣ አትቀልድ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አይበሉ፣ አይጠጡ፣ ካርድ ጠፋብን ብለው አይሳደቡ። እንዲህ ያለ እንግዳ ማን አግኝቶ!»

ነፋስ ያለ ዕለት ይብሳል። ፊልሞቹ ወደ ውስጥ ይነፋሉ፣ መልሰው ወደ ውጭ ይለጠጣሉ። ዋፍ... ዋፍ... አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ። ልክ ስድስት ሰው ጎን ለጎን ተኝቶ እንደሚተነፍስ። ከሁሉ የምትፈራው ሦስተኛውን ነበር። የትከሻው አጥንት አንድ ቀን ተሰብሮ፣ ጠምሞ የገጠመ ነው። ከሳንባው ጥቁረት መሐል ነጭ ደመና የመሰለ ነገር አለ፤ ደመናውን ሰው በቀይ እርሳስ ከቦታል። ከሰዓት በኋላ ያ ቀለበት ግድግዳው ላይ ይሄዳል። በየፊልሙ ጥግ ትንሽ ጽሑፍ ነበረች፤ ነገር ግን ጋሽ መላ ፊልሞቹን ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ስለ ቸነከራቸው ከውስጥ ሲያዩት ፊደሉ የተገለበጠ ነው። ሁለቱም አንብበውት አያውቁም።

ሰው የማይለምደው የለም። እሷም ለመደችው፤ ልብስ ሰፊዋ እስከ መጣችበት ቀን ድረስ።

ልብስ ሰፊዋ ለሆስፒታሉ አንሶላና ጋዎን የምትሰፋ ሴት ናት። የሰፋችውን አምጥታ እስኪረከቧት ድረስ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሜትሯ ሁልጊዜ አንገቷ ላይ ነው። ሰላምታዋ ሞቅ ያለ፣ ጨዋታዋ የማይጠገብ ሴት ነበረች። ያን ቀን ግን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ፣ ካርድ ክፍሉ መብራት አብርቶ ሲሠራ፣ ሳታንኳኳ ገባች። ጋሽ መላ ለስብሰባ ወጥቶ ነበር።

«እህቴ፣ ያን መስኮታችሁ ላይ ያለውን ሰው ከየት አመጣችሁት?»

«የቱን ሰው፣ እትዬ?»

«ሦስተኛውን። ባሌ ነው።»

ጭምቷ የያዘችውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ስም ተመሳስሎ ይሆናል» አለች ጭምቷ፣ አፏ ያመጣላትን።

«እሺ ስሙ ይመሳሰል። የአባቱ ስምም ይመሳሰል። ዕድሜውም ይመሳሰል። ትከሻውስ? ግንበኛ ነበር። ከመወጣጫ ወድቆ የተሰበረ ትከሻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ሲጠዘጥዘው ያሸሁት እኔ ነኝ። እጄ ያውቀዋል።»

ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጣቷ ላይ መጠቅለል፣ መፍታት፣ እንደገና መጠቅለል ጀመረች።

«ፊልሙ ላይ ያለውን ቀን አየሁት። ያኔ ሴት ልጄን አርግዤ ነበር። ሲያስለው 'የሲሚንቶ አቧራ ነው፣ ይለቀኛል' ይለኝ ነበር። ልጄ ዓመት ሳይሞላት በሳል ሞተችብኝ። እሱም ቆይቶ ደም ሲተፋ ሌላ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው አሉን፣ አልተረፈም። ከዚያ በፊት ማንም አያውቅም ብዬ ነበር የኖርኩት። ዛሬ ግን እዚህ መስኮት ላይ በቀይ ተከቦ አየሁት። እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ያውቅ ነበር ወይስ አያውቅም? እያወቀ ልጄን ደረቱ ላይ ያስተኛት ከነበረ...»

አልጨረሰችውም። ጭምቷም እንድትጨርሰው አልፈለገችም።

«እናቱ እኔ ጋ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዓይኗ ደክሟል። እሱ ከሞተ ወዲህ የማበላት፣ ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። አውቆ ከሆነ ግን ልጄን የገደለብኝን ሰው እናት በቤቴ አላኖርም። አልችልም። ወንድም አላት፤ እንደማይወዳት አውቃለሁ፣ ይሁን። ነገ እመጣለሁ። መልስ ካጣሁ እሰድዳታለሁ።»

ስትወጣ ጭምቷ ተከትላት ወጣች፤ ምን እንደምትላት ሳታውቅ። ልብስ ሰፊዋ ዞራም ሳታያት በሩን አልፋ ሄደች። ጭምቷ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መስኮቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ አየቻት።

በጠራራ ፀሐይ ከውጭ የሚታየው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ሰማይ ሲጠቁርና ውስጥ መብራት ሲበራ ግን መስኮቱ ሐኪም ፊልም የሚያይበት የመብራት ሳጥን ሆነ። ስድስቱም ደረት ፍንትው ብሎ ወጣ። ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ ዕድሜያቸው፣ ቀኑ፣ ሁሉም በትክክለኛ ፊደል። ከጎኗ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች እንደ ቴሌቪዥን ያዩታል።

«አምስተኛውን ልብ አልከው? የእንጨት ነጋዴው ልጅ እኮ ነው።»

«የቱ ነጋዴ?»

«ያ ሠርጉን የሰረዙበት!»

«እህ! ለካ በዚህ ነው! እኔ ደግሞ ልጅቱ ጠልታው ነው ስል...»

አምስተኛው ደረት ላይ ቀይም ደመናም አልነበረም፤ ጤነኛ ደረት ነው። ማን ልብ ብሎት! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ካርድ ከዝናብ እናድን ብለው የሰውን ገመና ለግቢው ሁሉ ዘርግተውት ኖረዋል።

ገብታ መብራቱን አጠፋች። ከዚያ የግንበኛውን ካርድ ፍለጋ በጨለማው ውስጥ መደርደሪያውን፣ ካርቶኑን፣ ከረጢቱን አገላበጠች። ሥርዓት ያለው ቦታ ቢሆን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላገኘችውም።

ጋሽ መላ ከስብሰባው ሲመለስ ከረጢቶቹን ወለሉ ላይ ዘርግፋ አገኛት።

«ምነው ልጄ፣ ልትዘሪው ነው እንዴ? መብራቱንስ ማን አጠፋው?»

«ጋሼ፣ እነዚህን ፊልሞች ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«ከደረጃው ሥር ነዋ። ባለቤት የሌላቸውን።»

«ባለቤት የሌላቸው ማለት?»

«ሥራው ጠፋሽ? ታካሚ ራጅ ይነሣል። ፊልሙ ሲደርስ በካኪ ፖስታ ይሰጠዋል፣ ራሱ ይዞ ሐኪሙ ጋ ይገባል፣ ራሱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ጋ የሚቀረው ባለቤቱ መጥቶ ያልወሰደው ብቻ ነው። 'ነገ ይደርሳል' ይባላል፤ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ነገ ሥራ አለበት፤ ይቀራል።»

ጭምቷ ከተንበረከከችበት ተነሣች። ደስታ እንደ ሙቅ ውሃ ወረዳት። አልወሰደውም! ፊልሙ እዚያ መስኮት ላይ መሰቀሉ ራሱ ምስክር ነው፤ ቢወስደው ኖሮ እዚያ ባልተገኘ። ግንበኛው አላወቀም። ልብስ ሰፊዋን ሮጣ ልትደርስባት በሩን ሁሉ ያዘች። ከዚያ ዞራ ሦስተኛውን ፊልም አየችው።

«ጋሼ... ካልወሰደው፣ ቀዩን ማን ከበበው?»

ጋሽ መላ ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። መላ አጥቶ አይታው አታውቅም ነበር፤ ዛሬ አየችው።

«የራጅ ሐኪሙ ነው» አለ ቆይቶ። «የቀኑን ፊልም ሁሉ ያያል። ክፉ ነገር ያየበትን ይከብብና ለእኛ ይልከዋል።»

«ለእኛ? ለምን?»

«አድራሻው ካርዱ ላይ ስላለ። ሰውየውን ጥሩልኝ ማለቱ ነው።»

«ጠራኸው?»

ነፋሱ ገባ። ፊልሞቹ ተነፉ፣ ተለጠጡ።

«ያን ጊዜ ስልኩ ተቆርጧል» አለ ጋሽ መላ። «ተላላኪው ወጥቶ ምትክ የለም። ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጄ። ካርድ የሚጠብቀው ሕዝብ በሩ ላይ ተኮልኩሎ ሲሰድበኝ ይውላል። ነገ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ነገን ወለደ። ከጠረጴዛ ወደ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያ ወደ ደረጃው ሥር ሄዱ። መስኮቱ ሲሰበር ሳወጣቸው ፊልም ነበሩ፣ በቃ። ሰው መሆናቸውን ረስቼዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ያለችውን ሁሉ ነገረችው፤ ስለ ሕፃኗም፣ ስለ አሮጊቷም። እያዳመጣት ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ።

«ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «የሞተ አይነሣም። ይሄ ነገር ቢወጣ የሚያርፈው ጡረታዬ ላይ ነው። አንቺም የእኔ ነሽ፤ አይተዉሽም።»

«የሞተው አይነሣም። አሮጊቷ ግን ነገ ትወጣለች።»

«እንግዲያው 'አያውቅም ነበር' በያትና ይብቃ!»

«ቀዩን አይታዋለች እኮ፣ ጋሼ! ሐኪም አይቶ የከበበው ነገር እንዴት ለባለቤቱ ሳይነገር ቀረ ስትለኝ ምን ልበላት? ግማሹን ብነግራት አታምነኝም።»

ቤታቸው ገብተው ራት ሲበሉ ጋሽ መላ ውሃ ትን አለውና ሳል ያዘው። ሁለቱም እጃቸው ሰሐኑ ላይ እንደ ደረቀ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቁ።

በማግስቱም ሰማዩ እንደ ጠቆረ ነበር። ጭምቷ መብራቱን አላበራችም። ልብስ ሰፊዋ የተጣጠፈ አንሶላ ታቅፋ መጣች፤ ጋሽ መላ ጀርባውን ሰጥቶ መደርደሪያው ሥር ካርድ ይደረድራል።

«አማቴ ጓዟን አስራ በር ላይ ተቀምጣለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምን እንዳጠፋች እንኳ አልጠየቀችኝም። በይ፣ መልሴን።»

«አያውቅም ነበር፣ እትዬ» አለች ጭምቷ። «አያውቅም ነበር። ታካሚ ፊልሙን ይዞ ነው የሚሄደው። እዚህ የቀረው መጥቶ ያልወሰደው ነው። ቀዩን የከበበው ሐኪም ነው፤ ከበበውና 'ሰውየውን ጥሩት' ብሎ ላከው። አልተጠራም። ባለቤትሽ የሲሚንቶ አቧራ ነው ያለሽ፣ እንደዚያ መስሎት ነው።»

«ማን ነው ያልጠራው?»

«እኛ ነን። ካርድ ክፍሉ።»

«አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዓይኗ ከጭምቷ ላይ ተነሥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ የሽማግሌው ጀርባ ላይ አረፈ። ጀርባው ካርድ መደርደሩን ትቷል። እንደዚያ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር። ጭምቷም እዚያው ይቅር ብላ እንደ ተመኘች ኋላ ራሷን ታዝባለች።

«'እኛ' አትበያት፣ ልጄ» አለ ሳይዞር። ከዚያ ዞረ። «እኔ ነኝ።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ግን አላለቀሰችም። ረዥም ጊዜ አየችው፤ ልክ ልብስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው በዓይኗ እንደምትለካ።

«ያውርዱልኝ» አለች። «ራስዎ ያውርዱት።»

ጋሽ መላ ጉጠቱን አምጥቶ ሚስማሮቹን ነቀለ። መጨረሻው ሚስማር ሲነቀል ነፋሱ ፊልሙን አንዴ ነፋው፣ ተነፈሰ፣ ጸጥ አለ። ሽማግሌው በእጁ ይዞ ሲያዞረው ጥጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀና። ዓይኑን አጥብቦ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ተራ የደረሰውን ታካሚ እንደሚጠራ አድርጎ የግንበኛውን ስም ከነአባቱ ጠራ።

«አቤት» አለች ሚስቱ።

ፊልሙን ተቀበለችው። ለሆስፒታሉ ከሰፋችው አንሶላ አንዱን ዘርግታ ጠቀለለችው፤ ማንም አንሶላው የመንግሥት ነው አላላትም።

«ይቅር አልልዎትም» አለችው በሩ ላይ ቆማ። «ዛሬ አልልም። ነገን አላውቅም። አሁን ሄጄ የእናቱን ጓዝ ልፍታላት።»

እሷ ከወጣች በኋላ ጋሽ መላ ጉጠቱን አላስቀመጠም። የቀሩትን አምስቱንም አወረደ። ብርዱ ገባ፤ ካርዶቹ በየመደርደሪያው ላይ ይንሾካሾኩ ጀመር። ዳይሬክተሩ ሲያልፍ ቆመ።

«ምነው? መስኮቱስ?»

ጋሽ መላ ነገሩን ከሥር ጀምሮ ነገረው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየና «በጽሑፍ አቅርበው» አለው። ጋሽ መላ ጻፈ። ስለ መስታወት የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዓመታት ሙሉ መልስ እንዳጡ ቀርተዋል፤ ይህኛው ግን በሳምንቱ ተመለሰ። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግዷል፤ ጡረታውም ይቆያል።

«እንዲያውም ጊዜ ሰጡኝ» አላት ለጭምቷ።

ከቀሩት አምስት ፊልሞች ሁለቱ ቀይ ነበራቸው። እሷ ከሥራ በኋላ እየቆየች፣ አንዱን ከረጢት አራግፋ ሌላውን እየፈታች፣ የሁለቱንም ካርድ አገኘች። እሁድ ጠዋት አጎትና የእህት ልጅ ፊልሞቹን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። ጋሽ መላ በብብቱ ይዟቸዋል፤ ነፋስ እንዳይነካቸው ኮቱን ደርቦባቸዋል። መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው «ጋሽ መላ፣ ምን ይዘሃል?» ሲለው «የሰው ዕቃ ነው» እያለ አለፈ።

የመጀመሪያው በር ላይ የማያውቁት ሰው ወጣ። ስሙን ሲጠሩለት አሰበ፣ አሰበና «እ፣ እሱማ ካረፈ ቆየ። ቤቱን ከወንድሙ ነው የተከራየሁት» አላቸው። ጋሽ መላ ወንድሙ የት እንደሚገኝ ጠየቀ፤ ሰውየው ነገረው። ከዚያ በሩ ከተዘጋ በኋላም ሽማግሌው እዚያው ቆሞ ቀረ። ጭምቷ ክንዱን ይዛ ነው ያራመደችው።

ሁለተኛው ቤት ከጠባብ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ፣ ቀለሙ የተላጠ አረንጓዴ በር ነበር። ጋሽ መላ አንኳኳ። ዝም። ጨርቁን ከብብቱ ወደ ደረቱ አዛውሮ እንደገና አንኳኳ። የጎረቤት መስኮት ተከፍቶ ተዘጋ።

«እንሂድ ጋሼ፣ ሰው የለም» አለች ጭምቷ።

«ቆይ።»

ያን ጊዜ ከቤቱ ጓዳ ሳል ተሰማ፤ ረዥም፣ እርጥብ፣ ማቆሚያ የሌለው የሚመስል ሳል። ከዚያ ወለሉ ላይ የሚጎተት ጫማ። ጭምቷ ዓይኗን ጨፈነች። አጎቷ ግን ግንባሩን የበሩ መቃን ላይ አሳርፎ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ተመስገን» አለ።